አንዷን ቁልፍ ይተዉልኝ

አባቴ ፒያኖ መጫወት አይችሉም ነበር። መጠገን ግን ይችሉ ነበር። ሙያውን ያስተማሯቸው ሚሲዮናውያን አንድ አሮጌ ትልቅ ፒያኖ አዋሳ ላለችው ቤተ ክርስቲያናችን ትተው ሄዱ። ከአብዮቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ ታሽጋ የቀበሌ አዳራሽ ስትሆን ፒያኖውም አብሮ ተወረሰ። አባቴም ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ባለው ቤታችን "ሰው ሰብስበህ አስጸልየሃል" ተብለው ታሰሩ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ፒያኖ ተጫዋች በዚያው አዳራሽ ዝግጅት ያቀርባል ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር የፒያኖውን ክዳን ቢያነሳ አይጥ ወልዳበታለች። የሐይቁ እርጥበት እንጨቱን አሳብጦታል፤ ግማሹ ቁልፍ ሲነካ ድምፅ የለውም። አባቴ ትዝ ያሏቸው ያን ጊዜ ነው። "ሥራውን እስኪጨርስ" ብለው ከነጠባቂያቸው አመጧቸው።

ስንቅ አዳራሹ ድረስ እንዳደርስ ተፈቀደልኝ። አባቴ ከመክሳታቸው የተነሳ ሸሚዙ ሰፍቷቸዋል። ገና ሰላም ሳይሉኝ፣ "የእሁድ የሱፍ ባርኔጣዬን አምጪልኝ" አሉ። አመጣሁ። በምላጭ ቆራርጠው፣ ሱፋቸውን አይጥ የበላችባቸውን፣ የፒያኖውን ክሮች የሚመቱትን ትንንሽ መዶሻዎች በሱፉ አለበሷቸው። ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ጠባቂው እንዳይገባው በሲዳምኛ ለመንኳቸው።

"አባባ፣ አንዷን ቁልፍ ይተዉልኝ። ሥራው ካላለቀ ይፈልጉዎታል።"

"ሰውየው ሲጫወት ብትከዳውስ?"

"ትክዳዋ! እሱ አገሩ ይገባል። እርስዎ የት ይገባሉ?"

በእጃቸው የነበረችውን መዶሻ አገላብጠው አዩ። ከዚያ፣ "እሺ፣ ልጄ" አሉኝ።

ዝግጅቱ ከሰዓት በኋላ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በስም ዝርዝር ላኩ፤ እኔም ከባልደረቦቼ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። አባቴ በጎኑ በር ላይ ከጠባቂያቸው ጋር ቆመዋል። ሰውየው ከዳር እስከ ዳር ቁልፎቹን ሲያዳርስ ሌላው ሙዚቃ ይሰማ ይሆናል፤ እኔ የማትጮኸዋን እጠብቃለሁ። ወፍራሞቹ ጮኹ፣ ቀጫጭኖቹ ጮኹ። ሁሉም ጮኹ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከአፋቸው ውሸት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ለዚያ ፒያኖ ብለው ዋሹኝ። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ የጠላሁትም አባቴን ነው። ሊቀመንበሩ "የሰፊው ሕዝብ ፒያኖ!" ብሎ አስጨበጨበ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ስንቅ ይዤ እስር ቤት ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰልኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ።"

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በአዳራሹ በኩል ሳልፍ ፒያኖውን ሲጫወቱት እሰማ ነበር። አንዲት ቁልፍ እንኳ አልከዳቻቸውም። ጠጋኝ ፈልገው አያውቁም።