ኦቾሎኒ የተጠቀለለበት ገጽ

የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ ዛሬም ልቤን ያስደነግጠዋል። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጡኝ፣ ሳልቀምስ መጀመሪያ ወረቀቱን ነው ገልጬ የማየው። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር ሳለን መምህራችን አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ብቻ ነበራቸው። ድንበር ሲሻገሩ ሸሚዛቸው ውስጥ ይዘውት የመጡት ነው። ቀን ሰሊጥ ሲያርሙ ይውሉና፣ አመሻሹ ላይ ኒም ዛፍ ሥር ያስተምሩናል። አሥራ አምስት ነበርን። መጽሐፉ ስፌቱ ስለለቀቀ በክር አስረው በየተራ ለአንድ ሌሊት ያውሱናል። ሕጉ አንድ ነበር፤ ገጽ ያጎደለ ልጅ ሁለተኛ መጽሐፉን አይነካም። እኔ ተራዬን በጣቴ ስቆጥር ነው የከረምኩት።

የደረሰኝ ቀን ዝናብ ጣለ። ጎጇችን ያፈስ ነበር። ቤት ውስጥ ደረቅ የነበረው ኦቾሎኒ ቸርቻሪዋ እናቴ መጠቅለያ ወረቀት የምታስቀምጥበት የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ነው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ መጽሐፉን እዚያ፣ ከወረቀቶቹ በላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ውሃ ቀድቼ ስመለስ እናቴ ገበያ ወጥታለች። ሳጥኑም የለም።

ሮጥኩ። ሎሪዎቹ የሚቆሙበት አጠገብ ሳገኛት፣ ክሩ ተፈትቶ ጭኗ ላይ ወድቋል። እናቴ ፊደል አትለይም።

«ከሌላው ነጣ ያለ ነው፣ ለደንበኛ ይሆናል ብዬ እኮ ነው ልጄ» አለችና፣ ፊቴን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሦስት ቅጠል ጎድሏል። ሁለቱን ከጎኗ ከሚቸረችሩት ሴቶች አገኘሁ፤ ኦቾሎኒውን ቀሚሳቸው ላይ ገልብጠው መለሱልኝ። ሦስተኛው ሎሪ ላይ ነበር።

ሎሪው አራሚዎችን ጭኖ ወደ ፋው እርሻ ሊነሳ ሞተሩ ይጮሃል። ሾፌሩ «ያላ! ያላ!» እያለ፣ ቶሎ በሉ ለማለት በሩን ይደበድባል። ጠርዙ ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት ኦቾሎኒውን ኪሱ ከትቶ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ያነባል።

«ወንድምዬ፣ ወረቀቱን ስጠኝ! የመጽሐፋችን ነው!»

«ቆይ እህቴ፣ ይቺን ብቻ» አለኝ ቀና ሳይል። «ከአገር ከወጣሁ አማርኛ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሎሪው ተንቀሳቀሰ። ከጎኑ እየሮጥኩ እጄን ዘረጋሁ። ያኔ ደነገጠና ጎንበስ ብሎ ዘረጋልኝ፤ ጣቴ ወረቀቱን ነክቶት ነበር። ዓይኑ ግን አሁንም መስመሩ ላይ ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ያዘው!» ብዬ ጮህኩና እጄን መለስኩ። ወዲያው ቆጨኝ። ጭቃው መሐል ቆሜ በራሴ ተናድጄ አለቀስኩ።

ዛሬ ዓርብ ዓርብ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ሳስነብብ፣ አንዱ ገጽ ቢቀድ መቆጣት ያቅተኛል።

የዚያን ቀን አመሻሹ ላይ መምህሩ ልጆቹ ሁሉ እያዩ ገጾቹን ቆጠሩ። መሐል ላይ ሲደርሱ መቁጠር አቆሙ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሳጥኑን፣ የእናቴን፣ የሎሪውን። ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ተራውን ተነጥቆ እያለቀሰ ሲሄድ አይቻለሁ።

መምህሩ ክሩን መልሰው ማሰር ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው።

«አንብቦ ጨረሰው?» አሉኝ።

«እንጃ መምህር። ሎሪው ሄደ።»

መጽሐፉን ለቀጣዩ ተረኛ ሰጡት። ሕጉን ለእኔ ብለው አላፈረሱም፤ ከዚያ ወዲያ ተራ ደርሶኝ አያውቅም። ግን በየቀኑ ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ያስቀሩኝ ነበር። መጽሐፉን እሳቸው ይይዙልኛል፣ ገጹንም እሳቸው ይገልጡልኛል፤ እኔ እጆቼን ወደኋላ አጣምሬ አነባለሁ።