የማይዞረው ማራገቢያ

የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ሲነሳ ቤቱ ውስጥ ወፍጮ የተተከለብን ይመስል ነበር። ታቦር ተራራ ዳገቱ ላይ ባለችው ቤታችን ያለን አንድ ሳሎን ነው። እሷ በመስኮቱ በኩል የሕንፃ ሥዕል ትሠራለች፤ እኔ በበሩ በኩል ሬዲዮ እሰማለሁ ወይም መጽሐፍ ቅዱሴን አነባለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ድምፅ አውጥቼ ካላነበብኩ አይገባኝም። ያ ማሽን ሲጮህ ደግሞ የራሴ ድምፅ ለራሴ አይሰማኝም።

"አጥፊው፣ አለዚያ እኔ ልውጣ" እላታለሁ።

"እማዬ፣ አንቺ ብትወጪ ይሻላል። ይሄ ሕንፃ ማለቅ አለበት" ትለኛለች። በግትርነት እኔን ነው የወጣችው።

አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ጧ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። የልጅ ልጄ ማሽኑን ከፍታ ስታየው የተቃጠለው ፓወር ሳፕላዩ ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃው የሚያከፋፍል ብረት ሳጥን ነው፤ እንዳይሞቅ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ አለው። ለካ ስንት ጊዜ ያጣላን ጩኸት ከዚያች ማራገቢያ ነበር።

"መግዛታችን ካልቀረ የማይጮኸውን እንግዛ" አልኳት። "እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"እንዳያታልሉሽ።"

ሳቀች። አሁን ሳስበው ያን ሳቋን ሰምቼ ቤቴ መቀመጥ ነበረብኝ።

ሱቁ ፒያሳ ነው፤ ጠባብ፣ እስከ ጣሪያው በካርቶን የተሞላ። ባለሱቁ ከከፈተ ገና ብዙ ያልቆየ ወጣት ነው። ፊቱን ሳየው አወቅሁት። አባቱ በአሮጌው ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ በክንዳቸው ከለኩ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጣት ጨምረው ነው የሚቆርጡት። ለልጄ ሠርግ የለበስኩትን ቀሚስ ጨርቅ የገዛሁት ከእሳቸው ነው። ልጁ ቆሞ ወንበሩን ሰጠኝ።

ከልጅ ልጄ ጋር ሲነጋገሩ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ማሽኗ ምን ያህል ዋት እንደሚፈልግ ጠየቃት፤ ነገረችው።

"እንግዲያው ከዚያ ከፍ ያለውን ውሰጂ" አላት። "ልክ የሚበቃውን ከወሰድሽ ሁልጊዜ እየተጨነቀ ነው የሚሠራው። ሲጨነቅ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ፋኑ ይጮሃል።"

ይሄስ ለእኔም ገባኝ። ሦስት ሰው የሚጭን ባጃጅ አምስት ሲጫንበት የእኛን ዳገት እንዴት እያቃሰተ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ሁለት ሳጥን አወጣ። አንዱ ቀላል፣ ፋኑ ትንሽ። ሌላው ከባድ፣ ፋኑ ሰፊ፣ ካርቶኑ ላይ የወርቅ ቀለም ምልክት ያለበት። ሰፊ ፋን ቀስ ብሎ ቢዞርም በቂ አየር ይሰጣል ብሎ አስረዳት፤ ከዚያ ሁለቱም ግማሹን በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመሩ። እሷ ከባዱን መረጠች። በዚህ መሃል ስልኳ ጠራ። ሥዕሉን ያዘዛት የሕንፃው ባለቤት ነው። "መጣሁ እማዬ" ብላ ወደ አስፋልቱ ወጣች።

ያኔ ነው እኔ የተነሳሁት። አምፖል ስገዛ ባለሱቁ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሶኬት ሰክቶ ሲበራ ካላሳየኝ አልወስድም። ካውያም፣ ምድጃም፣ ሬዲዮም እንደዚያው ነው የገዛሁት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ የሚያስቀይምም አይደለም።

"ሲሠራ አሳየኝ" አልኩት።

"እማማ፣ ይሄ ብቻውን ሲፈተሽ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም።"

"ግድ የለህም፣ አሳየኝ።"

ግድግዳው ላይ ሰካው፤ እንዲነሳም በገመዱ ጫፍ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኘ። ሰፊው ፋን ትንሽ ነቅነቅ አለና ቆመ። ጠበቅሁ። አልተንቀሳቀሰም።

"አይሠራም።"

"ይሠራል እማማ። ሥራ ካልበዛበት አይዞርም። ለዚያ ነው የማይጮኸው።"

"ያንኛውን አሳየኝ።"

ቀላሉን ሰካው። ፋኑ ወዲያው ፉር ብሎ ዞረ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደረሰኝ አበረረው። ለእኔ ከዚያ በላይ ማስረጃ የለም። የሚዞረው ደኅና፣ የማይዞረው የሞተ።

ስናደድ አማርኛዬ ይጠፋኝና ወደ እናት ቋንቋዬ፣ ወደ ሲዳሙ አፎ ነው የምሸሸው። ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልጠፋችኝም። እንዲህ አልኩት፦ "የሞተ ዕቃ ለልጅ ታሸክማለህ? ይሄ ሌብነት ነው። አባትህ አንድ ጣት ጨምረው ይቆርጡ ነበር፤ አንተ እሱን አልተማርክም።"

ሱቁ ውስጥ ብቻችንን አልነበርንም። የእድራችን አባል የሆነች ሴት ዩኒቨርሲቲ ለምትገባ ልጇ ላፕቶፕ ልትገዛ መጥታ፣ ዕቃው ከካርቶን ወጥቶላት በእጇ ይዛው ነበር። ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

"እትዬ እርስዎ ካሉ እኔ ምን እጠብቃለሁ" ብላ ወጣች።

ልጁ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ መጠቅለል ጀመረ፤ ጥቅሉ እየተፈታ አስቸገረው። የልጅ ልጄ ስትገባ እኔ ክንዷን ይዤ መውጫው ላይ ነበርኩ።

በባጃጁ ውስጥ ምን እንዳልኩት ነገርኳት። ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

"እማዬ፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው።"

"የማይዞር ማራገቢያ ምን ይሠራል?"

"አልመልስልሽም" አለችኝ።

በማግሥቱ ብቻዋን ሄዳ ያንኑ ከባዱን ይዛ መጣች። ሳጥኑን ከማሽኑ ውጭ ጠረጴዛው ላይ ፋኑን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችና ገመዶቹን አያያዘች። ኮምፒውተሩ ተነሳ። ፋኑ ቆሟል፤ ሥዕሉ ግን መስታወቱ ላይ ወጥቷል። ጎረቤት ልጆች ሲሯሯጡ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማኛል። ከማሽኑ የሚመጣ ድምፅ የለም።

"አሁን ከባዱን ሥራ ልስጠው፤ አንቺ ፋኑን እይ" አለችኝ።

ባለ ፎቅ ሕንፃ ከነመስኮቱ፣ ከነዛፉ፣ ከነጥላው እንዲሥልላት አዘዘችው። እኔ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ክንፎቹ በእርጋታ መዞር ጀመሩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል ነው። ሥራው ሲያልቅ ፋኑ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

የልጅ ልጄ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ ጓሮ ቆየሁ። ከጆሮዬ ያልወጣው ሌባ ያልኩት አይደለም፤ አባቱን ያነሳሁበት ነው።

በእድራችን የሴቶቹን ጠብ የማስታርቀው እኔ ነኝ። ደንቡንም ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ በሰው ፊት የሰደበች በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቃለች፤ በሚቀጥለው ለቅሶ ቤትም ሳህን ታጥባለች። ዓምና አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ ለሰፈራችን አዲስ የሆነች፣ በጀሪካን ምክንያት ጎረቤቷን ሌባ አለቻት። ጀሪካኑ በኋላ ከራሷ ጓዳ ተገኘ። "እትዬ፣ ቤቷ ሄጄ ብቻዋን ልለምናት" ብላ አልቅሳ ነበር። "አይሆንም" አልኳት። "ስድቡን የሰማው ሁሉ ይቅርታውንም ይስማ።" ቆማ ተናገረች፤ ሳህኑንም አጠበች።

እኔ ግን ወደ ሱቁ የሄድኩት ገና ሲከፈት፣ ማንም ሳይኖር ነው። ሰዓቱን መርጬ ነው የሄድኩት። ይህን መጻፍ ከስድቡ ይልቅ ይከብደኛል።

"ልጄ፣ ተሳስቼ አዋረድኩህ" አልኩት።

"ምንም አይደል እማማ። ረስቼዋለሁ" አለና ወንበሩን ሰጠኝ።

እሱ ግን አልረሳውም ነበር። አባቱ ወሬውን ገበያ ውስጥ ሰምተው ደውለው እንደጠየቁት ጎትጉቼ ነው ያወጣሁት። "ምን አሉህ?" አልኩት። "የሞተ ዕቃ ሸጠሃል ወይ አሉኝ" አለ። ከዚያ ካርቶን ማስተካከል ጀመረ። ያቺ ሴት ላፕቶፑን ልትወስድ ተመልሳ እንደሆነ ጠየቅሁት። አልተመለሰችም።

ስለዚህ ቅዳሜ፣ ሱቁ በሰው ሲሞላ፣ ተመልሼ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይሄ ልጅ ሌባ አይደለም" አልኩ።

ሰዉ ዞሮ አየኝ። አንድም የማውቀው ፊት የለም። ያን ቀን ከነበሩት አንድም ሰው የለም።

"ማን ሌባ ነው አለው?" አለ አንድ ሰውዬ፣ በእጁ የያዘውን ቻርጀር እያገላበጠ።

"እኔ ነኝ። ግን አይደለም።"

"ምን ጠፍቶብዎት ነው እናቴ?"

"ምንም አልጠፋብኝም። ፋኑ አልዞር ብሎ ነው።"

ሰውዬው ቻርጀሩን እንደገና አየውና አስቀመጠው። ልጁ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ ክንዴን ያዘኝ። "እማማ፣ በፈጠረዎት ይተዉት" አለኝ በጆሮዬ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላውቅም። ባጃጅ ጠርቶ እሱው አሳፈረኝ።

ከባጃጁ ሳልወርድ ወደዚያች የእድር ሴት ቤት ውሰደኝ ብዬ ሾፌሩን አዞርኩት። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያስመጣችውን ዓሣ ደጃፏ ላይ ቅርፊቱን ትገፍፍ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ላፕቶፑን ከሌላ ቤት ገዛሁ። ለጠየቀኝም ሁሉ እዚያ ሱቅ አትግቡ ብያለሁ።"

"ለምን አልሽ? ሳታጣሪ?"

"ምን ላጣራ? የተናገሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎ አድልተው ወይ ዋሽተው ያውቃሉ?"

ስትናገር የምትነቅፈኝ አይመስልም ነበር፤ እያመሰገነችኝ ነው። ሌላ ሴት ብትሳደብ ስድቡ በዚያው ሱቅ ይቀር ነበር። የእኔ ግን ስሜን ይዞ ከቤት ቤት ዞረ።

በወሩ የእድር ስብሰባ ተነስቼ ቆምኩ። የሆነውን ከመጀመሪያው ተናገርኩ። ፓወር ሳፕላይ ምን እንደሆነ፣ ለምን ከፍ ያለ ዋት እንደሚመረጥ፣ ፋኑ ለምን እንደማይዞር ማስረዳት ነበረብኝ። ስለ ባጃጁና ስለ ዳገቱ ሳወራ ሳቁ። አንዷ "ታዲያ የማይዞር ከሆነ ለምን ፋን አደረጉበት?" አለች። "ሲከብደው ይዞራል" አልኳት። "እንደ ባሌ ነዋ፣ ካልጮህኩበት አይነሳም" አለችና ሳቁ እንደገና ተነሳ። እስኪያበቃ ጠበቅሁና ልጁ ንጹሕ እንደሆነ፣ የበደልኩት እኔ እንደሆንኩ ደግሜ ተናገርኩ። ቅጣቴንም ጠየቅሁ።

ሊቀመንበሯ እጇን አወናጨፈች። "ደግሞ እርስዎን ማን ይቀጣል? ይቀመጡ እትዬ።"

ሁሉም "ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" አሉ። ዞሬ ሳይ ያቺ የጀሪካኗ ሴት የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። እሷ "ይቀመጡ" አላለችም። መሬት መሬቱን ታያለች።

ከዚያ ወዲህ ከእድሩ ሴቶች አንዳንዶቹ ልጁ ሱቅ እንደሄዱ ሰምቻለሁ። ላፕቶፑ ግን ከሌላ ቤት ተገዝቷል፤ አባቱም አንዴ ጠይቀዋል። ሁለቱን የምመልስበት መንገድ አላገኘሁም።

በሚቀጥለው ለቅሶ ከድንኳኑ ጀርባ ሄድኩና ነጠላዬን አጣጥፌ ሳፋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ተሯሯጡ። "ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው፣ ይነሱ" እያሉ ክንዴን ይስቡ ጀመር። አልነሳም አልኩ። ያቺ ልጅ እግር ሴት የቆሸሸ ሳህን ተሸክማ መጣች። እየሳቡኝ ያሉትን አየች፤ እኔንም አየች። ከዚያ ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠችና ሳሙናውን አቀበለችኝ።

አጠብኩ። እሷ አጠገቤ ቆማ አንድ በአንድ እየተቀበለች አለቀለቀች። የቅባት እድፍ የቀረበትን አንዱን መልሳ ሰጠችኝ።