ለእማማ ዘነበች «ኔትወርክ የለም» ያልኩበት ሰሞን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አታውቅም። አንድ ቢሮ የምንጋራው ጓደኛዬም አያውቅም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህችን ዘልያታለሁ። «ምን አደረግህ?» ቢሉኝ መልሴ «የዋይፋይ የይለፍ ቃል ቀየርኩ» ነው። ይህ በየትኛው ቀኖና ነው ኃጢአት የሚሆነው? ፈገግ ብለው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኝ ነበር። እየተሳቀ እንዲፈታልኝ ደግሞ አልፈለግኩም። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ እናገራለሁ። እናንተ ብትስቁ ፊታችሁን አላይም።

ከሚዛን ጎን ባለችው አማን ከተማ ተወልጄ ያደግኩ የባለሱቅ ልጅ ነኝ። ዛሬ እዚሁ አካባቢ አስተምራለሁ፣ ምርምርም እሠራለሁ። የምመራመረው «የቁሶች ኢንተርኔት» በሚሉት ላይ ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ይህን ያህል ነው፦ ቡና ማሳ ውስጥ የአፈሩን እርጥበትና የአየሩን ሙቀት የሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎች እተክላለሁ። እነሱ የለኩትን በሬዲዮ ሞገድ ወደ አንድ መቀበያ ሳጥን ይልካሉ። ሳጥኑ በሲም ካርድ ወደ ክላውድ፣ በእኛ ቋንቋ ወደ «ደመና»፣ ማለትም ሩቅ አገር ወዳለ ኮምፒውተር ያሻግረዋል። እኔ ሚዛን ቢሮዬ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ የሰው ማሳ አያለሁ። ሰው መሐል ሳይገባ ዕቃ ከዕቃ ጋር ይነጋገራል።

ችግሩ ሳጥኑ የሚሰቀልበት ቦታ ነበር። ማሳዎቹ ያሉት ከሸዋ ቤንች ከተማ ወጣ ብሎ፣ ኔትወርክ የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ከጣሪያው በረጅም አንቴና ኔትወርክ የሚያዝበት፣ ጉብታ ላይ የተሠራ አንድ ቤት ብቻ ነበር፣ የእማማ ዘነበች ቤት። እማማ ዘነበች ባላቸው የሞተባቸው የቡና ገበሬ ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በቤንችኛ ነው፤ አማርኛውን ገበያና ጸሎት ቤት አስተምሯቸዋል። ታደለች የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች።

ጣሪያዎ ላይ ሳጥን ልስቀል፣ ኪራይ እንከፍላለን አልኳቸው።

«ብር ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ልጄን ታሳየኛለህ?»

ታደለች በሰው እጅ ስማርት ስልክ ልካላቸው ኖሯል። እዚያ ሸለቆ ግን ያለ አንቴና ስልኩ ምን ሊሠራ? በነጠላ ተጠቅልሎ ትራስ ሥር ይተኛ ነበር። ከሳጥኑ ዋይፋይ ከፍቼ አገናኘሁላቸው። የታደለች ፊት የስልኩ መስታወት ላይ ሲወጣ እማማ ዘነበች መጀመሪያ ስልኩን በመዳፋቸው ጠረጉት፣ ከዚያ ሳሙት፣ ከዚያ «ከስተሻል!» ብለው ተቆጡ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከግቢው መሐል ካለው ትልቅ አቮካዶ ሥር ቆሜ፣ እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የማልጸጸትበት ያ ቀን ነበር። «ሳጥኑ ጣሪያዎ ላይ እስካለ ድረስ ልጅዎን ያያሉ» ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ማንም አላስገደደኝም፣ ራሴ ነኝ ያልኩት።

ሳጥኑን እንደ ሰው ያዙት። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ መሰላል አስደግፈው የእንሰት ቅጠል ያለብሱት ነበር። ዶሮ እንዳይሰፍርበት ዙሪያውን እሾህ አሳሰሩ። የተለካው ሁሉ ወደ ደመና እንደሚሄድ ስነግራቸው ወደ ሰማይ አዩና «እዚህ ደመና መች ይጠፋል? የሚጠፋው ፀሐይ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ሥራዬን በዚህ ዓለም ላይ እንደሳቸው የተረዳው ሰው እንደሌለ ተሰማኝ።

ደግ ሰው ግን ብቻውን አይበላም። ስልክ ያለው ጎረቤት ሁሉ ከእሑድ ጸሎት በኋላ ወደ ጉብታው ይወጣ ጀመር። አንዷ ወንድሟን ቴፒ፣ ሌላው አጎቱን አዲስ አበባ ያወራል። እማማ ዘነበች ማንንም አልመለሱም። የሳጥኑ የኢንተርኔት ጥቅል ግን ወሩ ሳያልቅ ያልቅ ጀመር። ጥቅሉ ሲያልቅ የማሳው መረጃ ይቋረጣል። የእኔ ግራፍ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ።

ትልቅ ስብሰባ ላይ ሥራዬን ላቀርብ ቀጠሮ ነበረኝ። በዚያ ቀዳዳ ግራፍ ሰው ፊት ልቁም? ተጨማሪ ጥቅል መጠየቅ እችል ነበር። ግዢ ክፍል ሄጄ ከአንድ ኃላፊ ወደ ሌላው መመላለስ ነው፣ ያ ሰለቸኝ። ከኪሴ መግዛትም እችል ነበር። ሄጄ «እማማ፣ ጎረቤቱ በዛ፣ እርስዎ ብቻ ይጠቀሙ» ማለትም እችል ነበር። ይህን እንኳ አላደረግኩም። ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት ያሳፍረኛል፣ ከሩቅ መዝጋት ግን አያሳፍረኝም። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ሚዛን ቢሮዬ፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም።

እማማ ዘነበች መንገዱ ድረስ ወጥተው፣ ተራ ስልክ ከሚሠራበት ቦታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሳጥኑ ታመመ መሰለኝ። ታደለች ጠፋችብኝ።»

«ኔትወርክ የለም፣ እማማ» አልኩ።

ይህችን ቃል እናንተም ታውቋታላችሁ። ባንክ ሄዳችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ ማን ነው ለምን ብሎ የሚከራከር? ዝናብ ዘነበ እንደ ማለት ነው፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። በአገራችን ይህን ያህል በቀላሉ የሚታመን ውሸት የለም፤ ባለቤትም የለው። እኔ የመረጥኳት ለዚህ ነው። በሙያዬ ኔትወርክ የማስተምር ሰው ኔትወርክ የለም ስል ማን ይጠረጥረኛል?

እሑድ መጣ፣ ሄደ። ሌላም እሑድ። መሣሪያዎቹን ለማየት ወደ ማሳው ስወርድ እማማ ዘነበች ከኋላዬ ተከተሉኝ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ቅጠሉን ያለበስኩት አፍኖት ይሆን? ይቅር በለኝ» አሉ። እኔን! እሳቸው እኔን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ጣሪያውን አሳዩኝ። «መብራቱ ግን ብልጭ ይላል።»

መብራቱ ብልጭ የሚለው ሳጥኑ ደህና ስለሆነ ነበር። የቡናውን እግር እርጥበት አንድ ሳያስቀር ይልክ ነበር። ምን ልበላቸው? ዓይኔን ከእሳቸው ለማሸሽ ቀና ስል አቮካዶው ታየኝ። «ይሄ ዛፍ ሳይከልለው አይቀርም» አልኩ። አስቤ አይደለም። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው። ግን አስቤ አይደለም ማለት ምን ይረባል? ባላስብም ተናገርኩ። ተናግሬ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ጊዜ ስመለስ ጉብታው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። አቮካዶው ግንዱ ተሰነጣጥቆ፣ ያልደረሰ ፍሬውን እንደተሸከመ ተጋድሟል። እማማ ዘነበች በር ላይ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«አሁን ሞክረው» አሉ።

እዚያው ተንበርክኬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። መሰላሉን ወጣሁ፣ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ምንም ያልሆነውን ሽቦ ነካካሁ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው በስልኬ የድሮውን የይለፍ ቃል መለስኩት። ብዙም አልቆየ፣ ስልካቸው ጮኸ። ታደለች ነበረች። እማማ ዘነበች እልል አሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ዛፉ ነበር! ዛፉ ነበር!» እያሉ አቀፉኝ፣ «ተባረክ፣ የልጅ ልጅ እይ» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ልሄድ ስል ከወደቀው ዛፍ የለቀሙትን አንድ ማዳበሪያ አቮካዶ አሸከሙኝ።

አማን ቤቴ ወሰድኩት። መስኮት ላይ ደርድረን ቀስ በቀስ በሰለ። ልጆቼ በስኳር በሉት። ባለቤቴ እንዲህ ቅቤ የሆነ አቮካዶ በልታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔም በላሁ። እውነት ለመናገር ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥቅሉን ከኪሴ ሞላሁ። መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝ ያንን ነበር፤ ያን ያህልም አይከብድም ነበር። ስብሰባው ላይ ያቀረብኩት ግን ዋይፋዩ ተዘግቶ ከነበረበት ሰሞን የተገኘውን፣ ቀዳዳ የሌለውን ግራፍ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ የመቆራረጡን ችግር እንዴት ፈታችሁት ብሎ ጠየቀኝ። «አላስፈላጊ ተጠቃሚዎችን በመቀነስ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አላስፈላጊ ተጠቃሚ! የልጇን ፊት በመዳፏ የምትጠርገውን እናት በዚህ ስም ጠራኋት። ዕቃ ከዕቃ እንዲነጋገር ስደክም እናትና ልጅ እንዳይነጋገሩ የዘጋሁ ሰው፣ ጭብጨባውን ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን፣ «አንድ ዛፍ ነው፣ ሌላ ይተከላል» ብዬ ራሴን አታልል ነበር። አታልዬም ነበር። አንድ ቀን የሳጥኑን ባትሪ ልቀይር ሄጄ ሳለ ታደለች ደወለች። ድምፅዋ እስከ ጣሪያው ይሰማል። «እማዬ፣ ዛፌን አሳይኝ እስቲ። አፍርቷል?»

እማማ ዘነበች ስልኩን ወደ ግድግዳ አዞሩት። «ኔትወርክ የለም ልጄ» አሉ። «ምስሉ ወደ ውጭ ሲወጣ ይቆራረጣል።» ዘጉት።

ከጣሪያው ወረድኩ። ምን ዛፍ ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ እያወቅኩ። እሳቸው ሳቅ እያሉ ነገሩኝ። ታደለች የተወለደች ቀን አባትዋ እትብቷን ግቢው መሐል ቀብሮ፣ እላዩ ላይ አቮካዶ ተክሎበታል። አብረው አደጉ። አረብ አገር ልትሄድ ስትነሣ ግንዱን አቅፋ ነው የተሰናበተችው። «ተቆረጠ ብላት ትደነግጣለች» አሉኝ። «ድምፅዋ ይበልጥብኛል ብዬ ነው የቆረጥኩት። ዛፉ አይናገርም፣ እሷ ትናገራለች። አይደለም?»

«ነው» አልኩ።

እማማ ዘነበች ውሸት አያውቁም ነበር። ጎረቤት እንኳ የሚታረቀው በእሳቸው ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ታደለች ዛፏን በጠየቀች ቁጥር የሚመልሱት በእኔ ቃል ነው። ዛፋቸውን ብቻ ወስጄ ቢሆን እንዴት በታደልኩ። አፋቸው ውስጥ የራሴን ውሸት አስቀመጥኩ፣ እሳቸውም ለልጃቸው ፍቅር ሲሉ ተጠቀሙበት። ከኔና ከሳቸው የማን ውሸት ይከብዳል? አትመልሱልኝ፣ አውቀዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። እውነቱን ልነግራቸው ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ሰበብ አገኛለሁ። ዛፉን የቆረጡት ለከንቱ እንደሆነ ብነግራቸው ማንን ይጠቅማል? ሰላማቸውን ለምን እነሣለሁ? እንዲህ እያልኩ ራሴን አዛኝ አስመስላለሁ። አዛኝ አይደለሁም። የፈራሁት ለእሳቸው ሰላም አይደለም፣ «ተባረክ» የሚሉኝን አፍ እንዳላጣ ነው። እወዳቸዋለሁ። በጣም እወዳቸዋለሁ፣ ይህም ነው ያስፈራኝ።

አሁን ታደለች ልትመጣ ነው። ኮንትራቷን ጨርሳለች፣ በሚመጣው ሳምንት ሚዛን ትገባለች። ትናንት እማማ ዘነበች ደወሉልኝ። ድምፃቸው የሙሽራ እናት ይመስላል።

«ልጄ፣ አንተም ና። ዛፏን ስታጣ ታለቅሳለች። እኔ ማስረዳት አልችልም። ዛፉ ኔትወርኩን እንደከለከለ አንተ ንገራት። የተማርክ ነህ፣ አንተን ታምናለች።»

«እመጣለሁ፣ እማማ» አልኩ።

እሄዳለሁ። አንድ የአቮካዶ ችግኝ ይዤ ልሂድ ብዬ አሰብኩና ተውኩት፣ ጉቦ ይመስላል። ባዶ እጄን ነው የምሄደው። ይቅርታ ብለምን እማማ ዘነበች ወዲያው ይቅር ይሉኛል፣ ስለማውቃቸው አስቀድሜ አልለምንም። ምርቃታቸውን ቢያነሡብኝም መብታቸው ነው። ለእናንተ ይህን ያወራሁት ምላሴ ዓረፍተ ነገሩን እንዲለማመድ ነው፤ ልጅቷ ፊት ስቆም እንዳይታሰርብኝ። እንዲህ ነው የምላት፦ ታደለች፣ ዛፍሽ ምንም አልከለከለም። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ።