ከትልቋ ወደ ትንሿ

ትንሿ ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት ድካም ጀመራት። ከትምህርት ቤት ተነሥታ፣ እዚህ ጀርመን ዚንድሊንገን ወዳለው ቤታችን እስክትደርስ መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ ትቀመጣለች። ማንም ሳይነካት ክንዷና እግሯ ይበልዛል። ሆስፒታል ወስደናት ብዙ ከተመረመረች በኋላ ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችን።

"ካንሰር አይደለም" አለች። "መቅኒዋ ግን ደም መሥራት አቁሟል። የሚገጥማት ሰው መቅኒ ከሰጣት ልትድን ትችላለች።"

እኔና ባለቤቴ የገጠምነው በግማሽ ብቻ ነው። ሙሉ በሙሉ የገጠመችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ታላቅ እህቷ ሆነች። ታናሿ ሹራቧን ስለለበሰችባት ብቻ ሳምንት የምታኮርፈው ያቺው ልጅ!

ሐኪሞቹ በፈቃዷ መሆኑን ሊያረጋግጡ ለብቻዋ አነጋገሯት። ስትወጣ "ምን አልሻቸው?" አልኳት።

"ክላር፣ እሺ ነዋ! ሌላ ምን እላለሁ?"

ችግሩ መርፌ ነበር። ይህች ልጅ ለክትባት በተወሰደች ቁጥር ሰፈሩን በጩኸት ታናውጣለች። ስለዚህ ለምርመራ ደም የምትሰጥ ቀን እጇን ልይዝላት አብሬያት ገባሁ።

"አይዞሽ፣ ወደ እኔ እዪ" አልኳት።

እሷ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ መርፌው አየሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው። ነርሷ እግሬን ወደ ላይ ይዛለች፣ ልጄ በሳቅ ትንከተከታለች።

"ፓፓ፣ እኔ ጨርሻለሁ፤ ተነሥ እንጂ!"

ዋናው ቀን ሲደርስ ትልቋን አደንዝዘው ከዳሌ አጥንቷ መቅኒውን ቀዱ። ለትንሿም ትልቅ ቀዶ ጥገና የሚደረግላት መስሎኝ ስብሰለሰል፣ ለካ አንድ ቀይ ከረጢት ተሰቅሎ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ማለት ብቻ ነው። እናቷ በማስኳ ውስጥ ዱዓ ታደርጋለች። ልጅቷ ቀና ብላ ከረጢቱን አየችና "ዳስ ቫርስ? በቃ ይኸው ነው?" አለች።

ከዚያ በኋላ የእህቷ ሴሎች ደም መሥራት እስኪጀምሩ መጠበቁ ግን ከባድ ነበር። መቅኒውን ከመቀበሏ በፊት በሰጧት ኃይለኛ መድኃኒት የተነሣ አፏ ቆስሎ ውሃ እንኳ መዋጥ ያቃታት ጊዜ ነበር። ባለቤቴ ከእሷ ጋር ታድራለች፤ እኔ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴል ካለው ሱቄ እንደወጣሁ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ እተካታለሁ። ትልቋ ወገቧን እያሻሸች በስልክ ትጠይቃለች።

"ሴሎቼ እንዴት ናቸው? ይሠራሉ?"

"እንደ አንቺ ተኝተዋል" ትላታለች ታናሿ፣ በሰለለ ድምፅ።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ምስር ስመዝን ባለቤቴ ደወለች። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባት "ሥራ ጀምረዋል! ሐኪሟ አሁን ነገረችኝ" አለችኝ። ዘልዬ ሽማግሌውን አቀፍኳቸው።

"ምን ሆንክ ልጄ?"

"ልጄ ደም ሠራች አባቴ!"

ምኑም አልገባቸውም። ግን "አልሃምዱሊላህ" ብለው እሳቸውም አጥብቀው አቀፉኝ።

ይኸው ዓመት አለፈው። የትንሿ የደም ዓይነት ተቀይሮ እንደ እህቷ ሆኗል፤ ክትባቷንም እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ጀምራለች። ትልቋ "ደሜ የኔ ነው፣ ታዘዢኝ" ትላታለች። ትንሿም "ሰጥተሽኛል፣ አለቀ" ብላ ትመልስላታለች።

ባለፈው ቅዳሜ ሐኪሟ ስለፈቀደች ሁለቱም ዋና ሄዱ። ርቧቸው ተመለሱና ድስቱን ባዶ አደረጉት፤ እኔና እናታቸው ዳቦ በሻይ በላን።