ኮርኒስ ላይ የከረመው ዘር

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ በችግኝ ጣቢያው ግን «ጋሽ ጠርጥር» ነበሩ። ሲጠሩበትም ሳይቆጡ አቤት ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተራቆተውን ኮረብታ የሚያለብሱ አገር በቀል ዛፎችን ከዘር ሲያበቅሉ ኖረዋል። የውኃ ማጠጫው ቦታውን ከለወጠ «ማን ነካው?» ይላሉ። አይጥ የበላውን ፍሬ ሳይቀር በሰው ያሳብባሉ።

የዚያን ዓመቱ ጉዳይ ግን የዋዛ አልነበረም። ከጥንቱ ደን የቀረችው አንዲት እናት ዛፍ ብቻ ነበረች። የምታፈራው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ የተሰነጠቀ ግንዷን ያየ ሁሉ ለቀጣዩ እንደማትደርስ ያውቃል። ፍሬዋም እንደ እህል ደርቆ አይቀመጥም፤ እርጥበቱ ሳይለየው አፈር ካልገባ ይሞታል።

ዘሩን ከጫፏ ያወረደው የታናሽ እህታቸው ባል ነው፤ ዛፍ አወጣጡ «ጦጣው» አሰኝቶታል። ከረጢቱን ሲያስረክብ ጋሽ ጠርጥር ብድግ አድርገው መዘኑትና፣

«ቀለለብኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ወጥቼ ስወርድ እኔም ቀልያለሁ።»

«አፍህ ግን አልቀለለም።»

ከወንዙ ማዶ ሌላ ችግኝ ጣቢያ ተከፍቶ ነበርና፣ የዘሩ ግማሽ ወደዚያ እንደተሻገረ፣ የቀረውም እንደሚከተል ልባቸው ነገራቸው። ስለዚህ ዘሩን ከቀዝቃዛው መጋዘን አውጥተው፣ በእርጥብ ሰጋቱራ ሸፍነው፣ መኝታ ቤታቸው ኮርኒስ ላይ ደበቁት። የመጋዘኑን በር ገርበብ አድርገው ትተው፣ ሌባው እጁን እስኪሰድ በመስኮት ይጠብቁ ጀመር። ጦጣው በዚያ ሲያልፍ ወደ በሩ ዞር እንኳ አላለም። «አውቆ ነው» አሉ፤ ይህ ይበልጥ አጠራጠራቸው። ዘጠኝ ቀን ጠብቀው በዐሥረኛው ዘሩት።

አንድ ወር ሄደ፣ ሁለተኛው ተከተለ፤ ከመደቡ ከአረም በቀር የወጣ የለም። «የወደቀና የበሰበሰ ለቅሞ ነው የሰጠኝ» ብለው፣ ከትራፊው ጥቂት ፍሬ በኪሳቸው ይዘው ወደ እህታቸው ቤት ገሠገሡ።

ጦጣው አልተከራከረም። አንዱን ተቀብሎ በቢላ ሰነጠቀው። ነጭና ወዛም መሆን የሚገባው ውስጡ ቡናማ ሆኖ ተፈረፈረ።

«ይሄ የበሰበሰ አይደለም፤ የተቆላ ነው። የት ነበር ያስቀመጡት?»

የቤታቸው ጣሪያ ቆርቆሮ መሆኑ ያኔ ታወሳቸው። እህታቸውም ፊታቸውን አንብባ ጨርሳለች።

«በሉ ይምጡ ጋሼ» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ በተሰነጠቀ ባልዲ ውስጥ፣ ስንዝር የሚያህሉ ችግኞች ቆመዋል። አንዱ ገና የዘሩን ልባስ እንደ ቆብ ደፍቶ ነበር።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከዚያው ከረጢት» አለ ጦጣው። «ሳላስረክብ ሁለት እፍኝ አስቀርቻለሁ።»

«ሰረቅኸኝ ማለት ነው።»

«አዎ። ለመጠባበቂያ ቤቴ ልዝራ ብልዎት ያምኑኝ ነበር?»

ሠላሳ ዓመት ሌባ ሲያድኑ ኖረው፣ እጅ ከፍንጅ ሲይዙት ምን እንደሚባል ጠፋቸው። በርከክ ብለው ቅጠሉን በጣታቸው እያገላበጡ መረመሩ፤ የእናቲቱ ልጆች ናቸው። ባልዲውን አቅፈው ሊነሡ ሲሉ ጦጣው እጁን ዘረጋ። ጥቂት አቅማሙ፤ ከዚያ አንዱን ጎን ሰጡት።

«ቀስ እያልክ» አሉት፣ «ሥሩ እንዳይናጋ።»