ካፉሩን አውቄው ነበር

ይሄን ለእናቴም ነግሬያት አላውቅም። ሱጁድ ላይ ሆኜ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ ዝም ብዬ «ያ ረቢ፣ ወንጀሌን ማረኝ» ነው የምለው። ወንጀሌ ግን ስም አለው። እዚህ እጽፈዋለሁ። ፍረዱብኝ፣ አትፍረዱብኝ፣ እሱ የናንተ ነው።

ለምን አሁን? ምክንያቱ ያስቃል። መሥሪያ ቤታችን ለሥልጠና ውጭ አገር ሊልከን ነው። የምንሄድበት አገር «የታመነ ተጓዥ» የሚሉት አሠራር አላቸው፤ ቀድሞ መመዝገብ ነው፣ ማንነትሽን ያጣራሉ፣ ንጹሕ ከሆንሽ ኤርፖርት ላይ ጫማ ማውለቅ የለም፣ ረጅም ሰልፍ የለም፣ በአጭሩ በር ማለፍ ነው። ተመዘገብኩ። አጣሩኝ። ባለፈው ሰሞን መልሱ መጣ፤ ታማኝ ነሽ ተባልኩ። የቢሮ ልጆች «እሰይ፣ ካልሲያችን የተቀደደው ተገላገልን!» እያሉ ሲስቁ እኔም ሳቅኩ። ከዛ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር አሰብኩ፤ እነዚህ ሰዎች የኮምቦልቻውን አልሰሙም።

ያኔ ገና መመረቄ ነበር። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቤተሰብ ቤት ቁጭ ብዬ ሥራ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። መንገዱ ስለማያስተማምን ወንድሜ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠልኝ። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ላይ አንድ ሲኖትራክ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል። ስደርስ የኤርፖርቱ ሰልፍ ከበሩ ውጭ ተርፏል። እኔ ደግሞ ሰልፍ አልወድም። ሰልፍ ላይ ስቆም የሆነ ሰው ዕድሜዬን እየሰረቀኝ ነው የሚመስለኝ።

ከጎን ሌላ አጭር መስመር አለ። አቅመ ደካማ፣ ታማሚ፣ ሕፃን የያዘ፣ እና ከነሱ ጋር ያለ ሰው የሚያልፍበት። ከነሱ ጋር ያለ ሰው። እኔ ይቺን ነው ያየሁት።

ቀጥሎ አንዲት አሮጊት እናት አየሁ። የረጅሙ ሰልፍ ጭራ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል፤ አንድ የጨርቅ ቦርሳ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ወደ አጭሩ መስመር ይሂዱ ያላቸው የለም። ሄጄ ሰላምታ ሰጠኋቸውና ቦርሳውን ተቀበልኳቸው። እኛ አገር ልጅ የትልቅ ሰው ዕቃ ሲቀበል ለምን የሚል የለም፤ ያልተቀበለ ነው የሚታማው። ለቀቁልኝ።

«ብቻዎን ነዎት እማማ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ የኔ ልጅ። ከሐርቡ ነው የመጣሁ። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ አኼራ ሄደችብኝ። ቀትር፣ ዙህር ላይ ነው የሚቀብሯት። እኔ ሳልደርስ እንዳታጥቧት ብያለሁ። ያሳደግኳት እኔ፣ የማጥባት እኔ።»

ትኬቱን የእህታቸው ልጆች ናቸው በስልክ የቆረጡላቸው። አውሮፕላን ገብተው አያውቁም።

«አብሽሩ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው። «አያቴ ናቸው ነው የምላቸው። እርስዎም ከጠየቁዎት የልጄ ልጅ ናት ይበሉ፤ ቶሎ ያሳልፉናል።»

«ውሸት? በዛሬ ቀን?»

«አያቴ አይሆኑም እንዴ ታዲያ?»

ትንሽ አሰቡ። «እሽ» አሉ፣ «አላህ በኸይር ያድርሰን።» ከዛ ዱዓ ያደርጉልኝ ጀመር። «ለዚች ልጅ ሥራውን ስጣት፣ ባሉንም ስጣት።»

«ባሉ ይቆይ እማማ።»

«ምን ይቆያል! ይቆይ ስትይ ጥርስሽ ይረግፋል፣ ማን ይወስድሻል ያኔ?» በዛ ሐዘናቸው ላይ ሆነው እኔን አሳቁኝ።

በሩ ላይ ያለውን ፈታሽ «አያቴ ናቸው፣ አሟቸዋል» አልኩት። አሟቸዋል የሚለውን ከራሴ ጨመርኩ። «እለፉ እናቴ» አላቸው። ያ ሁሉ ሰልፍ ቆሞ እያየን አለፍን። ደስ አለኝ። አልደብቅም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ውስጥ ደግሞ ማሽኑ ያለበት ፍተሻ አለ። የሳቸውንም የኔንም ቦርሳ አስቀመጥኩ። ፈታሿ ወጣት ሴት ናት፤ የሳቸውን ወደ ጎን አወጣችው። ከፈተችው። በፌስታል የተጠቀለለ፣ በክር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነጭ ነገር ወጣ። ገና ሳትፈታው ሽታው ደረሰኝ። ካፉር ነው። ሬሳ ሲታጠብ መጨረሻው ውኃ ላይ የሚጨመረው ካፉር። አጎቴ የሞተ ጊዜ ቤታችን ስንት ቀን እሱን ሲሸት ከርሟል። አወቅኩት። ልድገመው፤ አወቅኩት።

«ይሄ ምንድነው?» አለች። የጠየቀችው እኔን ነው፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኛ።

ምን ማለት ነበረብኝ? ካፉር ነው፣ እህታቸው ሞታባቸው ነው። በቃ። ይሄን ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ደንግጬ ነው፣ አፌ ቀድሞኝ ነው ብል ቀላል ነበር። አፌ አልቀደመኝም። አስቤያለሁ። ካፉር ነው ካልኩ አብሬ ነኝ ማለት ነው፤ አብሬ ከሆንኩ አብሬ እጠየቃለሁ፤ አብሬ ከተጠየቅኩ አውሮፕላኑ ያመልጠኛል። ይሄን ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነው አፌን የከፈትኩት።

«አላውቅም። የኔ አይደለም። የሴትዮዋ ነው፤ ሰልፍ ላይ ያዢልኝ ብለውኝ ነው። አላውቃቸውም።»

ያዢልኝ አላሉኝም። እኔ ነኝ የተቀበልኳቸው።

እሳቸው ከኋላ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ያልኩትን አልሰሙም። ፈታሿ ዞር ብላ «እናቴ፣ ይቺ ልጅ ምንዎ ናት?» አለቻቸው።

«የልጄ ልጅ ናት።»

ወዲያው ነው ያሉት። እኔ ያስጠናኋቸውን ውሸት፣ እኔን እንዳያሳጡኝ ብለው።

«ስሟ ማነው?»

ስሜን አልነገርኳቸውም ነበር። ዱዓ ሲያደርጉልኝ እንኳ «ይቺ ልጅ» ነበር ያሉት፤ እኔም ስሜ እንትና ነው አላልኩም። ወደኔ ዞሩ። ተቆጥተው አልነበረም የሚያዩኝ። ስሜን እስክነግራቸው ነበር የሚጠብቁት።

እኔ ስልኬን አነሳሁ።

ፈታሿ ምን አጠፋች? የማያውቋትን ልጅ የልጄ ልጅ የሚሉ፣ ነጭ ዱቄት በፌስታል ቋጥረው ለሰው ያስያዙ ሴትዮ ናቸው ፊቷ ያሉት። እኔም ብሆን አስቆማቸዋለሁ። አለቃዋን ጠራች፣ አለቃው ፖሊስ ጠራ። የኔን ቦርሳ በረበሩ፣ መታወቂያዬን መዘገቡ፣ ከዛ አለቃው «ሁለተኛ የማታውቂውን ሰው ዕቃ እንዳትይዢ፣ እህቴ» ብሎ ለቀቀኝ። መከረኝ! እኔም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኩት። ስሄድ ከኋላዬ ድምፃቸው ይሰማኛል። «ካፉር ነው ልጆቼ፣ ወላሂ ካፉር ነው፣ እህቴን ላጥባት ነው።» አንዴ ሲዋሹ ተይዘዋል፤ ማን ይመናቸው?

አውሮፕላኑ ውስጥ ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቀልኩም። እንዲመጡ ፈልጌ ነበር? አዎ። መጥተው አጠገቤ ቢቀመጡ የት እገባለሁ ብዬ እንዳይመጡም ፈልጌ ነበር። በሩ ተዘጋ። አልመጡም።

አዲስ አበባ ድርጅቱ ጋ ተራዬን ስጠብቅ የዙህር አዛን ተሰማ። ምን አደረግኩ? ሻሼን አስተካከልኩ። ስሜ ሲጠራ ገባሁ፣ ደህና አድርጌ መለስኩ፣ ሥራውን አገኘሁ። ዛሬም የምበላው ከዛ ነው።

ሰበብ ብፈልግ አላጣም። ምናልባት በሌላ በረራ ደርሰው ይሆናል? የዛን ቀን ሌላ በረራ አልነበረም፤ ወንድሜ ትኬቱን ሲቆርጥ ነግሮኛል። ምናልባት ሬሳው ቆይቶላቸው ይሆናል? እኛ ሬሳ እንደማናቆይ አውቃለሁ። ጎረቤት አጥቧት ይሆናል፣ ደህና አድርጎም ገንዟት ይሆናል። ያሳደገቻት እጅ ግን አልነካቻትም። ይሄን ያደረገው ሲኖትራኩ አይደለም፣ ፈታሿ አይደለችም፣ ደንቡም አይደለም። እኔ ነኝ።

መድረሳ የተማርን ሁሉ የምናውቃት ነገር አለች፤ የሰው ሐቅ ባለሐቁ አውፍ ብሎ ይቅር እስኪል ድረስ፣ ወደ አላህ መመለሱ፣ ተውበቱ ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ እናንተን አውፍ በሉኝ አልልም። በእጃችሁ የለም። እሳቸው ጋ መሄድ ነው ያለብኝ፣ ሄጄ ስሜን ነግሬ መጀመር ነው ያለብኝ። ለምን አልሄድኩም? ሥራ በዝቶብኝ? ውሸት ነው።

ባለፈው ለዒድ መንገዱ ደህና ስለነበር በአውቶቡስ ወደ ደሴ ስሄድ ሐርቡ ቆምን። ረዳቱ «ሐርቡ! ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። መስኮቱ ሥር ሴቶች ፓፓያ ይሸጣሉ። ከነሱ አንዷን፣ አዲስ አበባ እህታቸው የሞተችባቸው፣ ለቀብሯ ሳይደርሱላት የቀሩት ሴትዮ ቤታቸው የት ነው ብላት ታሳየኝ ነበር፤ ትንሽ ከተማ ናት። ረዳቱ ደግሞ ጠየቀ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀልኝ። ለካ ተነስቼ ቆሜያለሁ።

«ትወርጃለሽ እንዴ፣ እህት?»

«አይ» አልኩት፣ «ፓፓያ ልገዛ ነው።»

በመስኮት ገዛሁ። አውቶቡሱ ተነሳ።