አንገቱ ላይ የነበረው የንጉሡ ሜዳሊያ

በጨረታው ቀን ደሴ በሐጂ ይማም የጥንት ዕቃ መሸጫ የነበርነው እኔ፣ ወንድሜ ጌታቸው፣ ሐጂ ራሳቸው፣ የንጉሥ ሜዳሊያ የሚሰበስቡ ሁለት የአዲስ አበባ ሰዎችና አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ነን። ልጄ አንተነህ አልነበረም። እኔ የሄድኩት ግን ለእሱ ነው።

ከመካነ ሰላም

ደሴ የሚኖረው ጌታቸው ለጨረታ ከቀረቡት ሜዳሊያዎች የአንዱን ፎቶ በስልክ ልኮልኝ ነበር። ከንጉሡ ዘውድ በላይ ቀዳዳ አለው። ወዲያው አወቅኩት። አማቼ በንጉሡ በዓል የተሸለሙት የብር ሜዳሊያ ነው። ከአንተነህ በፊት የወለድኳቸው ሁለቱ ስላልበረከቱልኝ፣ ብር ይጠብቀዋል ብለው አንጥረኛ ዘንድ አስበሱለት። መብሻው የንጉሡን ፊት እንዳይነካ ቆመው ጠበቁ። ከማተቡ ጋር አሰርንለት። ሥራ ፍለጋ ሲወጣም አንገቱ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

አቀስታ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ያገኘሁትን ሁሉ ሳልጠይቅ አልተሳፈርኩም። አቀስታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሌሎቹ ሻይ ሲጠጡ እኔ ሚኒባሱ ጥሎኝ እንዳይሄድ ሳልወርድ የገብስ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። ከዚያ ወዲያ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ስጨነቅ ያዩኝ አጠገቤ ያሉ ሴት፣ “አብሽሪ፣ አላህ ያደርሰናል” አሉኝ።

ደሴ

“እታለም፣ ቶሎ እጅሽን አታንሺ። እንደጓጓሽ ካዩ ይጨምሩብሻል” ብሎኝ ነበር ጌታቸው። ሪባናቸው ባልደበዘዘ ሜዳሊያዎች ላይ ሰዎቹ ተፎካከሩ። የእኛው ሲነሳ አንደኛው ሰብሳቢ፣ “ይሄማ ተበስቶ ተበላሽቷል” ብሎ ገፋው።

“ንጉሡም ይተንፍሱበት እንጂ” አሉ ሐጂ። ሳቁ። እጄን አነሳሁ፤ ማንም አልጨመረም።

ሰዎቹ ሲወጡ ማን እንዳመጣው ሐጂን ጠየቅኳቸው። አንድ ቀጭን ልጅ ነው አሉ። ማተቡን ፈትቶ ብሩን ካወጣ በኋላ ማተቡን መልሶ አሰረ። ብሩን አስይዞ ገንዘብ ተበደረ፤ ሥራ ሳገኝ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ አይሽጡብኝ ብሏቸው ነበር። ሁለት ክረምት ጠብቀውት ሲቀር ነው ለጨረታ ያወጡት።

ሜዳሊያውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆምኩ። መጥቶ ቢያጣውስ? ተመለስኩ።

“ሐጂ፣ ሲመጣ እናትህ ገዝታልሃለች፣ ቤትህ ግባ ብለው ይስጡልኝ።”

ሜዳሊያውን ተቀበሉኝ። “አማና ነው፤ አደራ አይበላም። እኔ ባልኖር ልጆቼ ያስረክቡታል።”

መካነ ሰላም

ባዶ እጄን ገባሁ። ጎረቤቶቼ ገንዘብሽን ለሰው ጥለሽ መጣሽ ይሉኛል። እኔ ግን ከመንገዱ ያወቅኩት አለ፤ ልጄ ደሴ ድረስ በሕይወት ደርሷል፣ ሊመለስም አስቦ ነበር።

አንተነህ ይባላል። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሲናገር ዝግ ይላል። ያያችሁት ካላችሁ፣ ደህና መሆን አለመሆኑን ብቻ ንገሩኝ።